ሐውልቱ የሌለበት አደባባይ

አባባን «ሮም ውስጥ ምን ማየት ትፈልጋለህ?» ስለው ትንሽ እንኳን አላሰበም። «ሐውልቱ የነበረበትን ቦታ» አለኝ። ጣልያኖች ወስደውት የነበረውን የአክሱምን ሐውልት ማለቱ ነው፣ ግን ሐውልቱን አላለም፣ የነበረበትን ቦታ ነው ያለው። ባለቤቴ ሰምቶ «አባባ፣ እሱ እኮ ተመልሶ አክሱም ነው ያለው» ሲለው «መመለሱንማ በአይኔ አይቻለሁ፣ ለዚህ እኮ ነው ቦታውን ማየት የምፈልገው» አለና ሻዩን ፉት አለ፣ እኛም ከዛ በላይ አልጠየቅንም።

የምንኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ነው። አባባ ዘንድሮ ግንቦት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣልን። 75 አመቱ ነው፣ ቪዛው እስኪወጣ ስንት ወር እንደጠበቅን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ብቻ መጣ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም ለጰራቅሊጦስ ሁለት ሳምንት ሲዘጋ ቪዛው ሼንገን ነው ጣልያንም ያስገባል እንሂድ ተባባልን እና ሄድን። ሮም አራት ቀን ነበርን፣ እዚህ የምጽፈው ግን ስለ ሁለተኛዋ ቀን ብቻ ነው። ቫቲካንን ምናምን ሌላ ሰው በደንብ ጽፎታል። ያቺን ቀን ግን እኔ ካልጻፍኳት ልጆቼ ሲያድጉ ትጠፋባቸዋለች ብዬ ፈራሁ።

ትልቁ ልጄ 12 አመቱ ነው፣ ግላዲያተር ግላዲያተር ማለት ከጀመረ ሁለት አመት ሆኖታል። ትንሿ 7 አመቷ ነው፣ እሷ ውሃና ድመት ካገኘች ሌላ ምንም አትፈልግም። ባለቤቴ መንገድ መሪያችን ነው። አባባ ደሞ ጾመኛ ነው፣ የሐዋርያት ጾም ገና መግባቱ ነበር፣ እስከ 9 ሰአት ውሃም አይቀምስም። በዛ ሙቀት፣ በዛ እድሜ፣ ጉልበቱ እያመመው ይሄን ሁሉ ሊራመድ። ለመንኩት፣ መንገደኛ አይጾምም አልኩት፣ ቄስ ጠቀስኩለት፣ ምንም። «የጴጥሮስ ወጳውሎስን ጾም እነሱ በተገደሉበት ከተማ ልሻር?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ያረፍነው ተርሚኒ አጠገብ ነበር፣ ትልቁ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፣ ሀበሻ የሚበዛበት ሰፈር። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ላይ አባባ ታፔላውን ፊደል እየቆጠረ አነበበ፣ «ፒያሳ... የማነው ፒያሳ?» አለ። የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶ የተባሉት በፈረንጆቹ 1887 ጥር ላይ (ከዚህ በኋላም «በኛ» ካላልኩ አመቱ የፈረንጆቹ ነው) ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ስንቱ ሀበሻ እዚህ አደባባይ ላይ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋል፣ ስሙ ከኛ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሳያውቅ። መታሰቢያ ሐውልታቸውም ከዛ ብዙ አይርቅም፣ አንድ ትንሽ አትክልት ቦታ ውስጥ ነው፣ ላዩ ላይ ከግብፅ የመጣ የፈርኦን ዘመን ድንጋይ ቆሞበታል፣ ስር ስሩ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። ልጄ «ማን ገደላቸው?» ሲል አባባ «እኛ» አለው፣ ቆየት ብሎ ደሞ «አገራችን መጥተው ነዋ» ብሎ ጨመረለት።

ለገሃር ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ፣ አባባ ሶማሌ ተራ ጋራዥ ሲሰራ ስንት አመት ያየው አንበሳ፣ በወረራው ዘመን ተነቅሎ መጥቶ እዚሁ ሐውልት ስር ነበር የቆመው። ዘርአይ ደረስ በ1938 ጎራዴውን የመዘዘው ይሄን አንበሳ አይቶ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። አንበሳው በኋላ ተመልሷል። አባባ ሐውልቱን አንድ ጊዜ ዞረው፣ አንበሳው የት ጋ ሊሆን እንደሚችል በአይኑ ፈለገ፣ ከዛ «በሉ እንሂድ» አለ። ቀኑ በዚህ ተጀመረ።

በሜትሮ ሁለት ፌርማታ ነው ኮሎሲየም። ከምድር ውስጥ ስትወጡ ድንገት ፊታችሁ ላይ ይቆማል፣ ፎቶውን ሺ ጊዜ ብታዩትም አያዘጋጃችሁም። ትኬቱ ለአዋቂ 18 ዩሮ ነው፣ ለልጆች ነጻ ነው፣ ስም ተጽፎበት ነው የሚሸጠው እና ቀድማችሁ ግዙ፣ ፓስፖርትም ያዙ፣ በር ላይ ሰልፍ አሳልፋችኋለሁ እያለ የሚጠጋችሁን ሰው ግን አትስሙት። ልጄ የሚያውቀውን ሁሉ በጀርመንኛና በአማርኛ እየደባለቀ ለአያቱ ማስረዳት ጀመረ። ቬስፓስያን ጀመረው፣ ልጁ ቲቶ በ80 ዓ.ም. መረቀው፣ 80 በር ነበረው፣ በሮቹ ላይ የተቀረጸው የሮማ ቁጥር አሁንም ይነበባል፣ ሰው ትኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር እያየ ነበር የሚገባው፣ ወደ 50 ሺህ ሰው ይይዝ ነበር ይባላል፣ ከስር ያለው ጉድጓድ አውሬና ሰው የሚጠብቁበት ነው፣ በመጎተቻ ከፍ አድርገው ሜዳው ላይ ያወጧቸዋል። አባባ ሁሉንም በትእግስት ሰማና «እና ሰው ሲሞት ለማየት ነው ይሄ ሁሉ ድንጋይ?» አለ። ልጄ ዝም አለ። ይሄን ጥያቄ ከዛ በፊት ራሱን ጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ለኔም እንደዛው ነው።

አባባ ትኩረቱን የሳበው ሌላ ነገር ነበር። ግድግዳው ብዙ ቦታ ላይ የተበሳሳ ነው፣ በየድንጋዩ መጋጠሚያ ላይ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። «ይሄን ምን በላው?» አለ፣ አርባ አመት የመኪና ሆድ ሲፈታ የኖረ ሰው ስለሆነ መጋጠሚያ ያያል። ባለቤቴ ስልኩ ላይ አንብቦ ነገረው፣ ድንጋዮቹ በብረት ነበር የተያያዙት፣ ከተማው ሲደኸይ ሰው ብረቱን እየፈለፈለ አወጣው፣ በ1349 የመሬት መንቀጥቀጥ የወደቀውን ድንጋይ ደሞ ለቤትና ለቤተክርስቲያን ማሰሪያ ወሰዱት። አባባ እጁን ቀዳዳው ውስጥ ከቶ ዳበሰው። «ብሎኑን ፈተው ወስደውት እንኳን አልወደቀም» አለ። ሮም ውስጥ ያደነቀው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፣ ንጉሶቹን አይደለም፣ ግንበኛውን።

ከዛ የጥንቷ ሮም መሃል ወደነበረው ፎረም ገባን። ያኔ ፀሐዩ ጠንክሯል፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም፣ የድሮው መንገድ ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ሁለት ሺህ አመት ሰው ሲረግጠው ስለኖረ ያሟልጫል፣ አባባ በአንድ እጁ ምርኩዙን በሌላው የልጄን ትከሻ ይዞ ነበር የሚሄደው። መግቢያው ላይ የቲቶ የድል በር አለ። ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. የፈረሰችበትን ድል ለማስታወስ የተሰራ ነው። በሩ ስር ቆማችሁ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ቀና ስትሉ ወታደሮች ከቤተ መቅደሱ የዘረፉትን ተሸክመው በሰልፍ ሲገቡ ተቀርጿል። አባባ ማንም ሳይነግረው ወዲያው አወቀው። «ውይ! መቅረዙ!» አለና አማተበ። ሰባት ቅርንጫፍ ያለው የወርቅ መቅረዝ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በኦሪት ሲሰማው የኖረው፣ አሁን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሲሄድ ያየዋል።

ትንሿ ልጄ «ሰርቀውት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሌባማ ቢሆኑ ይደብቁት ነበር» አላት አባባ። «እነዚህ ድንጋይ ላይ ቀረጹት።»

ይሄ ንግግር ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። የኮሎሲየሙ ገንዘብ ራሱ ከዛ ምርኮ እንደመጣ ነው የታሪክ ሰዎች የሚናገሩት። ሮም ውስጥ 13 ጥንታዊ ረጃጅም የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል፣ በአለም ላይ ከየትኛውም ከተማ ይበልጣል፣ ስምንቱ ቀጥታ ከግብፅ የመጡ ናቸው። የትም አደባባይ ብትሄዱ ከሰው አገር የመጣ ነገር መሃሉ ላይ ተገትሯል፣ ቱሪስቱ ስሩ ቁጭ ብሎ አይስክሬም ይበላል። ከተማዋን አልጠላኋትም፣ እንደውም በጣም ወደድኳት፣ ግን አንዴ ይሄን ካያችሁ በኋላ ሳታዩት ማለፍ አትችሉም።

ፎረሙ ውስጥ ያሉትን ቤተ መቅደሶችና ምሰሶዎች ሁሉ አልዘረዝርም፣ አብዛኛውን በፍጥነት ነው ያለፍነው። የጁሊየስ ቄሳር አስከሬን የተቃጠለበት ቦታ ላይ ሰው አሁንም አበባ ያስቀምጣል፣ ያ ገርሞኛል። በወዲያኛው ጫፍ ካፒቶሊኖ የሚባለው ኮረብታ ይታያል፣ ባለቤቴ ለአባባ በጣቱ አሳየው፣ «አበበ ቢቂላ የማራቶን ሩጫውን የጀመረው እዛ ላይ ነው፣ ከኮረብታው ስር ካለው አደባባይ ዳር ደሞ ሙሶሊኒ በ1935 በረንዳው ላይ ወጥቶ ጦርነቱን ያወጀበት ቤት አለ» አለው። አባባ ሁለቱንም ቦታ ብዙ አየ። ኮረብታው ግርጌ ጴጥሮስና ጳውሎስ ታስረውበታል የሚባል እስር ቤት አለ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጸለየ፣ አልገባም። ሰአቱን አየሁ፣ ገና 7 ተኩል ነበር።

ወደ ኮሎሲየም በትልቁ መንገድ ስንመለስ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ በእብነበረድ የተሰሩ ካርታዎች አሉ። በሙሶሊኒ ዘመን የተሰቀሉ ናቸው፣ ሮም ከአንዲት ነጥብ ተነስታ እንዴት አለሙን እንደያዘች ደረጃ በደረጃ ያሳያሉ፣ የሮም ግዛት በነጭ፣ ሌላው በጥቁር። አሁን አራት ናቸው። አምስተኛ ነበር፣ በ1936 የተጨመረ፣ የሙሶሊኒን አዲሱን ግዛት የሚያሳይ፣ ኢትዮጵያም ያለችበት። ከጦርነቱ በኋላ ተነሳ። ልጄ ካርታ ስለሚወድ አንድ በአንድ እያየ ሄዶ አራተኛው ላይ ሲደርስ «ኢትዮጵያ የታለች?» አለ። የለችም አልኩት፣ ያለችበት ካርታ ተነስቷል፣ ሮማውያኑ ራሳቸው እኛ ጋ አልደረሱም፣ ሙሶሊኒ ነው ደርሻለሁ ብሎ የሰቀለው። አባባ የተነሳው ካርታ የነበረበትን ለማየት ግድግዳውን ሲፈልግ ያኔ ነው ከሽቱትጋርት ጀምሮ ምን ሊነግረን እንደነበር የገባኝ። ይሄ ሰው ሮም የመጣው የሌለውን ነገር ሊያይ ነው።

ልክ 9 ሰአት ላይ ከመንገድ ዳር ያለች የውሃ ቧንቧ ጋ ቆምን። ሮም ውስጥ እነዚህ ቧንቧዎች ወደ 2,500 ይሆናሉ፣ አፍንጫቸው የተቆለመመ የብረት ቧንቧዎች ናቸው፣ ውሃቸው ቀኑን ሙሉ ይፈሳል፣ በረዶ ነው፣ ነጻ ነው። ከስር በጣታችሁ ስትይዙት ላዩ ላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ውሃው ወደላይ ይፈናጠራል። ትንሿ ልጄ ይሄን የደረስን እለት ነው ያወቀችው፣ እና ለአያቷ ቧንቧውን ይዛ «ጠጣ አባባ» አለችው። ጎንበስ ብሎ ጠጣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ አንገቱን አራሰ፣ «ተመስገን» አለ። እኔ ጠዋት ጀምሮ የያዝኩትን ትንፋሽ ያኔ ነው የለቀቅኩት።

ምሳ የበላነው ከኮሎሲየሙ ጀርባ ወጣ ብላ ያለች ትንሽ ቤት ነው። ማሪናራ የሚባል ፒዛ አለ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና ቅጠል ብቻ፣ አይብ የለውም፣ ያው የጾም ፒዛ ነው። አባባ ወደ ውስጥ አይቶ «ፎርኖው የእንጨት ነው» አለኝ፣ አስተናጋጁ ፎርኖ የምትለዋን ቃል ሰማና ዞር አለ፣ አባባም በጣቱ እያሳየ ፎርኖ፣ ማኪያቶ፣ ቦርሳ፣ መኪና እያለ ቆጠረለት፣ ልጆቼ አፋቸውን ከፈቱ፣ አያታቸው ጣልያንኛ ይችላል ብለው። ሲያስደስተኝና ሲያመኝ አንድ ላይ ሆነብኝ። እነዚህ ቃላት እንዴት እኛ ጋ እንደመጡ ማስረዳት የምሳ ወሬ አይደለም፣ ግን አባባ በጣልያን ቃል ነው እንጀራ የበላው፣ ሥራውን ያስተማሩት ሰዎች ራሳቸው ሙያውን ከጣልያኖች ጋራዥ የተማሩ ነበሩ።

ከሰአት ሆቴል ተመልሰን ተኛን፣ ወደ 12 ተኩል ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ወረድን። የሰረገላ እሽቅድምድም ሜዳ የነበረ ነው፣ ርዝመቱ ከ600 ሜትር ያልፋል፣ አሁን ሳር ነው፣ ሰው ውሻውን ያንሸራሽርበታል። ከሜትሮው ስትወጡ ወዲያው ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ነጭ ሕንፃ አለ፣ ፋኦ፣ የተባበሩት መንግስታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው። ሕንፃው መጀመሪያ የታሰበው ለጣልያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሐውልቱን እዛ ያቆሙትም ለዚሁ ነው፣ የቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ።

አደባባዩ ፖርታ ካፔና ይባላል። ምንም አይመስልም፣ እውነቴን ነው የምላችሁ። መኪና ይዞራል፣ ዛፎች አሉ፣ ደረቅ ሳር አለ፣ ሁለት አጠር ያሉ ጥንታዊ አምዶች ቆመዋል፣ እነሱ በኒውዮርኩ የመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የተደረጉ ናቸው። በቃ። አባባ ዳር ላይ ቆሞ ምርኩዙን ሁለት እጁ ስር አድርጎ ዝም ብሎ አየ። እኛም አብረን ቆምን።

አንድ አግዳሚ ላይ አንድ ሽማግሌ ጣልያናዊ ተቀምጠው ነበር፣ እድሜያቸው ከአባባ ጋር የሚቀራረብ። እኛን አዩን፣ አባባን አዩት፣ ከዛ «ኤትዮፒያ?» አሉ። አዎ አልን። ሰውየው ብድግ አሉና ሁለት ሶስት እርምጃ ሄደው በእጃቸው መሬቱን አሳዩ፣ ከዛ እጃቸውን ቀስ እያሉ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ እስከሚደርሱበት አነሱት። እዚህ ጋ ነበር ማለታቸው ነው። ልጅ ሆነው በዚህ ያልፉ እንደነበር በምልክትና ባለቤቴ በሚችላት ትንሽ ጣልያንኛ ነገሩን። ከዛ ስለመመለሱ ሲናገሩ አንድ ቃል ብቻ ነው ያሉት፣ «ጁስቶ»። ትክክል ነው ማለት ነው። አባባ ቃሉን ደገመው፣ «ጁስቶ፣ ጁስቶ» አለ፣ ከዛ ምን እንደሚል ጠፍቶት ነው መሰለኝ ደረቱን እየነካ «መካኒኮ» አላቸው፣ እሳቸውም ሳቁ፣ እና ሁለቱ ሽማግሌዎች ባዶው ቦታ ፊት ቆመው ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ እየተባባሉ አንድ አስር ደቂቃ አወሩ። ምን እንደተግባቡ አላውቅም፣ ተግባብተዋል ግን።

ሰውየው አውቶቡሳቸው መጥቶ ከሄዱ በኋላ አባባ ልጆቹን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ነገራቸው። ሐውልቱ 24 ሜትር ነው፣ ክብደቱ ወደ 160 ቶን ነው፣ የ1,700 አመት ያህል እድሜ አለው። ጣልያኖች ሲያገኙት ወድቆ ተሰባብሮ ነበር፣ ስብርባሪውን በካሚዮን እስከ ምፅዋ አወረዱት፣ እኔ ያንን መንገድ አውቀዋለሁ፣ ያንን ቁልቁለት በባዶ መኪና እንኳን ፍሬን ይበላል አለ፣ ከዛ በመርከብ ኔፕልስ፣ የመርከቡ ስም ደሞ አድዋ ነው። በፈረንጆቹ 1937 ጥቅምት ላይ እዚህ ቆመ። በ1947 ጣልያን በሰላም ስምምነቱ በ18 ወር ውስጥ እመልሳለሁ ብላ ፈረመች። ልጄ በጣቱ ቆጠረ፣ በ1949 ማለት ነው አለ። አዎ፣ እሱ ግን የተመለሰው በ2005 ነው፣ መብረቅ መትቶት ሁሉ ነበር፣ በሶስት ተቆርጦ በትልቁ አንቶኖቭ አውሮፕላን በሶስት ዙር ገባ፣ የቆመው ደሞ በኛ 2000 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ የሚሌኒየሙ አመት ሊያልቅ ሲል። በቀጣዩ ኅዳር ጽዮንን ሊያነግስ አክሱም የሄደ ጊዜ አባባ ቆሞ አይቶታል። «ያኔ አላለቀስኩም» አለን። «ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ አላለቀስኩም። የወሰዱበትን ቦታ ሳላይ ምኑን አምኜ?»

አሁንም አላለቀሰም። ጫማው ላይ ያለውን አቧራ በመሃረቡ ጠረገና «በሉ አሁን አበበ በሄደበት እንሂድ» አለ።

ከዛ አደባባይ እስከ ቆስጠንጢኖስ የድል በር ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ነው። መንገዱ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ይባላል፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ግራና ቀኝ ዛፍ አለው፣ መጨረሻው ላይ በሩና ኮሎሲየሙ አንድ ላይ ይታያሉ። አበበ ቢቂላ በቪያ አፒያ መጥቶ፣ ሞሮኳዊው ራዲ አጠገቡ እያለ፣ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ነው ተስፈንጥሮ የወጣው። በ25 ሰከንድ ቀድሞ ገባ፣ 2 ሰአት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በባዶ እግሩ። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የማላውቀውን አባባ በዛ መንገድ ላይ ነገረኝ። ቀኑ በፈረንጅ መስከረም 10 ቀን 1960 ነው፣ በኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! አባባ 10 አመቱ ነበር፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ያለ ገጠር ነው ያደገው፣ ለአበበ የትውልድ ቦታ ሩቅ አይደለም። ሩጫው የተጀመረው ወደ ማታ ስለነበር እየመሸ ሄደ፣ ቪያ አፒያ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ግራና ቀኝ ቆመው ነበር የሚያበሩለት። «እኛም እኮ በዛች ሰአት ችቦ ይዘን ነበር» አለኝ አባባ፣ ቆም ብሎ። «እንጨት ለቅሜ ያሰርኩትን ችቦ ይዤ እዮሃ እያልኩ ነበር። እሱ በችቦ መሃል ይሮጥ ነበር፣ እኛም በችቦ መሃል።»

ወሬው መንደራቸው የደረሰው ከበአሉ በኋላ ነው፣ አንድ ከከተማ የመጣ ሰው «የክብር ዘበኛው ልጅ ሮም ገብቶ አሸነፈ» ብሎ ነገራቸው፣ እነሱ ደሞ ልጆች ናቸው፣ ጦርነት መስሏቸው ስንት ሰው እንደሞተ ጠየቁ። ማንም አልሞተም፣ ሮጦ ነው ያሸነፈው ሲባሉ አላመኑም ነበር።

ግድግዳው ላይ የአበበ መታሰቢያ ሰሌዳ አለ፣ ድሉ 50 አመት ሲሞላ የተሰራ። በዛው አመት፣ በ2010፣ የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ሲራጅ ገና መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ነው የገባው። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ ጫማ እናውልቅ ብለው ነበር፣ አባባ ከለከላቸው። «እሱ የሮጠው ልምዱ ነው፣ እናንተ እግራችሁ ይቆረጣል» አለ። እሱ ግን እኔን ተደግፎ፣ ያቺን የታመመች ጉልበቱን እያጠፈ፣ መንገዱን በመዳፉ ነካው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስለመታው ድንጋዩ ገና ይሞቃል።

በሩ ስር ስንደርስ ጨላልሞ መብራት በርቷል። በ315 ዓ.ም. የተሰራ ነው፣ ለቆስጠንጢኖስ። አባባ «የንግሥት እሌኒ ልጅ» አለ፣ ለሱ ቆስጠንጢኖስ ማለት መጀመሪያ የእናቱ ልጅ ነው፣ መስቀሉን ያወጣችው የእሌኒ። ከዛ ስልኩን አውጥቼ ደብረ ብርሃን ላለው ትልቅ አጎቴ እንድደውልለት አዘዘኝ። 82 አመቱ ነው፣ ያኔ ችቦውን ያሰረለት እሱ ነው። ቪዲዮው ይቆራረጣል፣ አጎቴ ጋቢ ለብሶ አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሚታየው።

«ጋሼ፣ ይታይዎታል? በሩ ይሄ ነው!»

«ምኑ?»

«አበበ የገባበት! ይሄውሎት!»

ስልኩን አዞርኩለት፣ በሩን፣ ኮሎሲየሙን፣ የመጣንበትን መንገድ አሳየሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዛ ድምፁ መጣ።

«ሐውልቱስ?»

«የለም ጋሼ» አለ አባባ፣ ጮክ ብሎ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር። «ቦታውን አየሁት፣ ባዶ ነው! ሳር ብቻ ነው ያለው!»

«እሰይ!» አለ አጎቴ።